«አስታማሚ ውጡ!» አንድ ታካሚ ለሕክምናና ለነርስ ተማሪዎች የተናገረው

እንደምን አደራችሁ። ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለኖርኩ ተማሪ ብድግ ሲልልኝ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ግን የመጣሁት በታካሚነቴ ነው። «ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ያየውን ይንገረን» ብላችሁ ስትጠሩኝ «ምን አይቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ያየሁት ጣሪያ ነው» ብዬ ነበር። ጣሪያ እያየ የሚውል ሰው ግን ጆሮው ይከፈታል። ስለዚህ ብዙው የምነግራችሁ የሰማሁትን ነው።

የታከምኩበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ሰዎቹ አድነውኛል፤ የጎደለውንም ስለማወራ ስማቸው ባይነሳ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ነው በሉና እለፉት።

ሕመሜ የሐሞት ጠጠር ነበር። የ2016 ገና ዕለት፣ ከአርባ ሦስት ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ ላይ እንዴት እንደሚወረድ ታውቃላችሁ፤ ወረድኩበት። ማታ ከቀኝ ጎድኔ ሥር የተነሳ ውጋት ጀርባዬን ሰንጥቆ ወጣ። ልጄ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ አልትራሳውንድ። ሦስት ጠጠር። ባለሙያዋ በስክሪኑ እያሳየችኝ «ይኸው አባት፣ ጥላ የሚጥሉት እነዚህ ናቸው» አለችኝ። ሰው የራሱን ሆድ እንደ ካርታ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን መናገር ይከብደኛል፤ እኔ ግን ሕመሜን ለአፍታ ረስቼ «ሚዛኑ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። የካርታ ሚዛን ማለቴ ነበር። ኪሎ የጠየቅኳት መስሏት ልትመዝነኝ ተነሳች።

ሕንጻው ያምራል። መስታወት በመስታወት ነው፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ሊፍቱ ይሠራል። አትሳቁ፤ ሊፍቱ ሠርቶ ስድስተኛ ፎቅ መድረስ ለአንድ የሐሞት ሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው። ካርድ የሚወጣው በኮምፒውተር፣ ክፍያው በቴሌብር፣ ተራው በስክሪን። እርግጥ ቁጥሩ በስክሪኑ ቢመጣም ሰው የሚያምነው ጥበቃውን ነው። «ወንድሜ፣ 147 ደረሰ ወይ?» ይለዋል፣ ቁጥሩ ፊቱ ላይ እያበራ። እኔም ብያለሁ።

እናቴን በወጣትነቴ ሆስፒታል ያስተኛሁበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ያኔ ካርድ ጠፋ ከተባለ ሰውየውም ጠፋ ማለት ነበር። አሁን የደም ምርመራዬ ውጤት ከላቦራቶሪ ተነስቶ እኔ ደረጃውን ሳልጨርስ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ኔትወርክ ካለ። ኔትወርክ የለም የተባለ ዕለት ግን ያ ሁሉ ሥርዓት ወዴት እንደሚሄድ ልብ ብዬ አየሁ፦ ወደ ልጄ እግር። ወረቀቱን ይዛ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ካርድ ክፍል፣ ከካርድ ክፍል ፋርማሲ። ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው ስለዚህች ሰው ነው። አስታማሚ ስለምትባለዋ።

ቃሉን እዩት። «ታመመ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ከሕመምተኛው ጋር ሕመሙን የምትይዝ ማለት ነው። ባለ አሮጌ መኪና «እያስታመምኩ ነው የምነዳት» ሲልም ሰምታችኋል። ጋራዥ አያስገባትም፣ አይጥላትም፤ ድምጿን እያዳመጠ፣ ዳገት ላይ እያሳረፈ ይወስዳታል። ይህን የሚያህል ቃል ያለው ሕዝብ ሆስፒታል ሲሠራ አስታማሚን ከንድፉ ማውጣቱ ይገርመኛል።

ቁጥሩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በእኛ የጤና አወቃቀር በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሰው ይታሰባል፤ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው። ስሌቱ አልጋ ይቆጥራል፣ ሐኪም ይቆጥራል፣ ሕዝብ ይቆጥራል። ከእያንዳንዱ አልጋ ሥር የሚያድረውን ሰው ግን አይቆጥርም። መታጠቢያው ለታካሚ ነው፣ ወንበሩ ለታካሚ ነው፣ መስታወቱ ያለው ለሁሉም ነው።

ይህ ደግሞ የመጣው ከውጭ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ዘመናዊ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ የገባው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኛ ሊያክም መጣ፤ ቆይቶም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተተከለ። የውጭ ሐኪም ይዞት የመጣው ሐሳብ ሕመምተኛው ብቻውን ተኝቶ ነርሷ የምትጠብቀው ነው። የእኛ ሕመምተኛ ግን ብቻውን መጥቶ አያውቅም። በቃሬዛ ከተሸከሙት ጎረቤቶቹ ጋር ይመጣል፤ ከእነሱ አንዱ ይቀራል። ሁለቱ ሐሳቦች እስከ ዛሬ በር ላይ እየተጋፉ ነው ያሉት፤ መሐል ላይ ጥበቃው አለ።

ቀጠሮዬን ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ልጄ ባትኖር እስካሁን ወረፋ ላይ ነኝ። በጥር ወር ከኮምፒውተር የወጣች ትንሽ ወረቀት ተሰጠችኝ፤ 03/06/24 ትላለች። እኔ በኛው አቆጣጠር አነበብኩት፦ የካቲት 3። ልጄ «አባዬ፣ 24 እኮ ይላል፣ የፈረንጅ ነው» አለች፤ ልክ ነች። ግን ቢሮዋ ከአሜሪካኖች ጋር ስለሚሠራ ወሩን አስቀድማ ማርች 6 አለችው። የካቲት 27 ማለዳ ሄድን። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ አንገቱን ነቀነቀ፦ «ጁን 3 ነው አባት፣ ግንቦት 26።» ተመለስን። ግንቦት 26 እንደገና ሄድን። ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ በእስክሪፕቶ 8፡00 ተብሎ ተጽፏል። ቀኑ የፈረንጅ ከሆነ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው ብለን በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደረስን። ሰዓቱ የሐበሻ ነበር! ከሰዓት ስምንት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዘመን እንዴት እንደሚጻፍ ተወያየን። ልጄ በመጨረሻ ወረቀቱን ገልብጣ «ሰኞ፣ ግንቦት 26፣ ከምሳ በኋላ» ብላ ጻፈችበትና ለካርድ ክፍሉ ልጅ «እንዲህ ብትጽፉት ምን ይላችኋል?» አለችው። «ሲስተሙ አይቀበልም» አላት። ለካስ አስታማሚ አስተርጓሚም ነች።

የቀዶ ጥገናው ነገር አጭር ነው፤ ስለተኛሁበት አላውቀውም። «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ውሃም ቢሆን እንዳይቀምሱ» ተባልኩ። ጠዋት አረንጓዴ ልብስ አለበሱኝ። ማደንዘዣ የምትሰጠው ባለሙያ «ምን ያስተምሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፣ «ጂኦግራፊ» አልኩ፣ «የዓለም ረጅሙ ወንዝ ማነው?» አለች፣ ስሙን ሳልጨርሰው ነቃሁ። ጠጠሮቹ ከነሐሞት ከረጢቴ ወጥተዋል፤ ሆዴ ሳይቀደድ በአራት ትንንሽ ቀዳዳ። እናቴ በእጅ ስንዝር የሚያህል ጠባሳ ነበራት፤ የእኔ አራት የወባ ትንኝ ንክሻ ይመስላል። ይህንን ባመሰግን አይበዛም።

ታሪኩ የሚጀምረው ሌሊት ነው። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ቀኝ ትከሻዬን ያዘኝ። ኦፕራሲዮን የተደረገው ሆዴ፣ የሚያመኝ ትከሻዬ! ጡረተኛ ሰው ትከሻውን ሲያመው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፤ ልቤ ነው አልኩ፣ ኑዛዜ ልጀምር ምንም አልቀረኝ። ልጄ ነርሷን ፍለጋ ወጣች። ሁለት ነርሶች ናቸው ለዚያ ሁሉ አልጋ፤ አንዷ ድንገተኛ ይዛለች፣ ሌላዋ ከእሷ ጋር ነች። ያኔ ከጎረቤት አልጋ ሥር፣ ከባና ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ አይስጉ። ያ ጥግ ላይ የነበሩት ሽማግሌም እንደርስዎ በቀዳዳ የተሠሩ ናቸው፤ ትከሻዬን ትከሻዬን ሲሉ አደሩ። ዶክተሩ ነፋሱ ነው ብሏቸዋል። በሦስተኛው ቀን ተነስተው ሄዱ።»

ጠዋት ወጣቱ ሐኪም መጥቶ አስረዳኝ። ለቀዶ ጥገናው ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ የቀረው ጋዝ ድያፍራምን፣ ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ይቆጣዋል፤ የድያፍራም ነርቭና የትከሻ ነርቭ ከአንገት የሚነሱበት ቦታ አንድ ስለሆነ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ግሩም ማብራሪያ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሠላሳ አራት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንድ ቀን ሆዴ ውስጥ ይገባል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን ልጆቼ፣ ይህ ማብራሪያ ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢነገረኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። «ትከሻዎን ሊያምዎት ይችላል፤ ጋዙ ነው፤ ያልፋል።» እኔን የደረሰኝ በአስታማሚዎች ሰንሰለት ነው፤ ከሐኪሙ ለሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ለዚያች ልጅ፣ ከልጅቷ ለእኔ። ዋርዱ ውስጥ ሁለት ፋይል አለ። አንደኛው አልጋው ግርጌ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው አልጋው ሥር ተኝቶ ያድራል።

ስለ ልጅቷ ልንገራችሁ። ከመንዝ ነች። አባቷ አንጀታቸው ተጠማዞ ከመሀል ሜዳ ከተማ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሪፈር መጥተዋል። አዲስ አበባን ስታያት የመጀመሪያዋ ነው፤ ያየቻትም ከአምቡላንስ መስኮት ነው። የአስታማሚ ባጅ አንገቷ ላይ፣ ባናዋ ትከሻዋ ላይ፣ በፌስታል ይዛ የመጣችውን በሶ በሃይላንድ እየበጠበጠች ትበላለች። የምትተኛው ካርቶን ላይ ነው፤ ጠዋት አጥፋ ከአልጋው ጀርባ ትሸጉጠዋለች፣ ማታ ትዘረጋዋለች።

አባቷ የጤና መድህን አባል ናቸው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የነበረው ነው፤ ዛሬ የመንዝ ገበሬ ደብተሩን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ይታከማል። ያን ደብተር ሳየው ኮርቻለሁ። ነገር ግን ማዘዣው ላይ «የለም» የምትል ማህተም ስታርፍ ደብተሩ ዝም ይላል። ያኔ ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚወስድ አታውቅም። ልጄ እጇን ይዛ ከነማ መድኃኒት ቤት ወሰደቻት። መንገድ ሲያሻግሯት ዓይኗን ጨፍና ነበር ትላለች ልጄ። ተመልሳ ስትገባ ጥበቃው «የወጣ አይገባም፣ ሰዓት አልፏል» አላት። የአባቷን መድኃኒት ይዛ! ባጁን አሳየችው፤ ባጁ የጠዋት ነው ተባለች። ልጄ ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው ያስገባቻት። ልጄ ድምፅ ታውቅበታለች፤ የማያውቁበትስ?

አሁን እናንተ «አባባ ስለ ነርሷስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። አንዷ ሲስተር እንዲህ አለችኝ፦ «አባት፣ አንድ አልጋ ላይ አራት ጠያቂ ሲቀመጥ ያንን ቁስል ማን ይጠብቀዋል?» መልስ አልነበረኝም። በእሑድ ጥየቃ አልጋዬ ብርቱካንና ሙዝ ብቻ ሳይሆን የዕድሬን ሊቀመንበርም ችሏል። አንዱ አስታማሚ ደግሞ «ይቀዘቅዝበታል፣ ቶሎ ይለቅለት» ብሎ የወንድሙን ጉሉኮስ ፍጥነት በእጁ ሲከፍተው አይቻለሁ። ሲስተሯ ደርሳ ስትጮህበት ሰውየው ከልቡ ተደነቀ። የጠብታዋ ፍጥነት ራሷ መድኃኒት መሆኗን ማን ነግሮት ያውቃል? አስታማሚ ሥራ የተባለውን ሁሉ ይሠራል፤ ሽንት ይደፋል፣ ስትሬቸር ይገፋል፣ ናሙና ያደርሳል። ሥራውን ሰጥተነዋል፣ ሥራውን ግን አላስተማርነውም።

ግድግዳው ላይ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው ጽሑፍ አለ፤ ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ባለሙያዎቹ ሲለው የኖረው ነው። ከሥሩ ነው ልጅቷ ካርቶኗን የምትዘረጋው። ስድብ አድርጌ አይደለም የምናገረው፤ ጽሑፉን በጥሞና ስታነቡት የማን ሥራ እንደሆነ ግር ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲደረግ ሁላችንም አጨብጭበናል፤ ይገባልም። ኩላሊቱ የመጣው ግን ከዘመድ ነው። እዚያ የሚተከለው ከሕያው ዘመድ ተወስዶ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በቴክኖሎጂ ከፍ ያለው ሕክምናችን ራሱ የሚቆመው በሽተኛውን ተከትሎ በመጣው ሰው ላይ ነው። ኮሪደር ላይ «ዞር በሉ» የሚባለው ሰው፣ ቀን ከተገኘ ኩላሊት ይጠየቃል።

ወደ ርዕሴ ልመለስ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ራውንድ ይመጣል። ከፊት ጥበቃው፦ «አስታማሚ ውጡ! አስታማሚ ውጡ!» ሁሉም ባናውን፣ ፌስታሉን፣ ፔርሙሱን እየሰበሰበ ይወጣል። ከዚያ ነጭ ጋዋን ይሞላል፤ ከእናንተ መሐል አንዳንዶቻችሁ ነበራችሁበት መሰለኝ፣ የኋላውን ረድፍ ጨምራችሁ። ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ይጠይቀኛል፦ «እንዴት አደሩ አባት? ሌሊት አስታወከዎት? ትኩሳት ነበር?» እኔ ምን አውቃለሁ? የሕመም ማስታገሻ ወስጄ ተኝቻለሁ! የምታውቀው ሰው ተባርራ በሩ ኋላ ቆማለች። እኔ በኩራት «ደኅና አድሬያለሁ» እላለሁ፤ በሽተኛ ሁሉ ሐኪም ፊት ደኅና ነው። ፋይሉ ላይ «ደኅና አድሯል» ይጻፋል። ሌሊት ሁለት ጊዜ ማስታወኬን የሰማሁት ከልጄ ነው፣ ራውንዱ ካለፈ በኋላ።

በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሐኪም ነበሩ ራውንዱን የሚመሩት። የመንዙ አባት አልጋ ጋ ቆሙ። ሰውየው ደካማ ናቸው፣ መልስ አይሰጡም። ሐኪሙ ፋይሉን ገለጡ፤ የሌሊቱ የሽንት መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ማንም አልተናገረም። ወጣቶቹ ሐኪሞች ጫማቸውን ያያሉ። ሐኪሙ ወደ በሩ ዞረው «ከኚህ ሰው ጋር ማን ነው ያደረው?» አሉ።

ጥበቃው «አስታማሚ ወጥተዋል ዶክተር» አለ።

«እሱማ ነው። ያደረውን ሰው ጥራልኝ።»

ልጅቷ ገባች። ባናዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ሐኪሙ «ሽንት ሌሊት ስንት ሆነ? ታስታውሻለሽ?» ብለው ጠየቋት። አልመለሰችም። ወደ አልጋው ጀርባ ሄዳ የታጠፈውን ካርቶኗን አወጣችና ዘረጋችው። ጥግ ላይ በከሰል የተሰመሩ መስመሮች አሉ። ከዚያ ግማሽ ሊትር ሃይላንዷን ከአልጋው ሥር አነሳች፤ የበሶዋን አይደለም፣ ሌላኛውን።

«ከረጢቱን በዚህ ነው የምደፋው» አለች ቀስ ብላ። «ይህ ሲሞላ አንድ እሰምራለሁ። ትናንት ሌሊት አንድም አልሞላችም። ይቺ ግማሿ ናት» አለች፣ አጭሯን መስመር በጣቷ እያሳየች። «ዛሬ ሌሊት ሁለት ሆነ።»

ሐኪሙ ካርቶኑን ከእጇ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መስመሮቹን ቆጠሩ። ከዚያ ብዕራቸውን አውጥተው ባዶው ቦታ ላይ «አንድ ሊትር» ብለው ጻፉ፤ ለወጣቶቹም «ኩላሊታቸው ተመልሷል» አሉ። ልጅቷ ቃሉ አልገባትም መሰለኝ፣ ዓይኗ ብዕሩ ላይ ነበር። ካርቶኗን መልሰው ሲሰጧት በሁለት እጇ ተቀበለች።

በማግስቱ ጠዋት ጥበቃው እንደ ልማዱ «አስታማሚ ውጡ!» እያለ መጣ። ሁሉም ወጣ። ልጄም ወጣች። የመንዟ ልጅ ግን ካርቶኗን ደረቷ ላይ አቅፋ አባቷ ራስጌ ቆማ ቀረች። ጥበቃው አያትና ወደ ሚቀጥለው ክፍል አለፈ።